ያበጡ ክዳኖች

ነርሷ በሥራዋ የምትጸየፈው ነገር አልነበረም። የምትሠራው ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ነው። መግል የቋጠረ እግር፣ ከሥጋ ጋር የተጣበቀ ፋሻ፣ የጠቆረ ጣት፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ባልደረቦቿ አፍንጫቸውን ይዘው ፊታቸውን ሲያዞሩ እሷ ጎንበስ ብላ "አይዞዎት አባባ፣ አለቀ፣ አለቀ" ትላለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ምሳዋን እንደ ማንኛውም ሰው ትበላለች። "አንቺ እኮ ሆድሽ ብረት ነው" ይሏታል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከገዛ ወጥ ቤቷ ሸሽታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ መብላት ስትጀምር፣ ለሥራ ጓደኞቿ ብትነግራቸው አንዳቸውም አያምኗትም ነበር።

ነገሩን ያመጣው ባሏ ነው። ባሏ አናጢ ነው፤ ታታሪ፣ ሳቂታ፣ ነገር ግን አንድ ሐሳብ ከያዘው የማይለቀው ሰው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብላ ስትተርትበት፣ "እኔ ወረቀቱ ነኝ፤ ሞኙን አንቺ ፈልጊው" እያለ ይስቃል።

ቲማቲም በደረሰበት ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከገበያው ጀርባ ነጋዴዎች ገዢ ያጣውን ቲማቲም በጋሪ እያመጡ ሲደፉት አይቷል። መኪና እየሄደበት መንገዱ ደም የፈሰሰበት መስሏል።

"ይሄ ግፍ አይደለም?" አላት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። "ትንሽ ቆይተን ደግሞ ከስንት አገር በመኪና ተጭኖ የመጣ፣ ሣር ሣር የሚል ቲማቲም እንገዛለን። እዚሁ የበቀለውን በወቅቱ ይዞ ማቆየት ምን ያቅተናል?"

እውነቱን ነው አለች በልቧ። በእሑድ ቀን አብራው ተቀመጠች። ላጡ፣ ከተፉ፣ አፈሉ፣ ጨው ጨመሩ፣ በጠርሙስ ሞሉ። እሱ በሠራው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ መስኮቱ ሥር ሲያበራ ቤቱ ሁሉ ሀብታም መሰለ። ባሏ አንዱን ክዳን በመዳፉ መታ መታ አደረገና "ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም!" አለ። ያ ቲማቲም ደህና ነበር፤ በልተውታል፣ ጥፍጥናውም የሚረሳ አልነበረም። ምነው እዚያ ላይ ባቆመ!

አላቆመም። ፎሶሊያ መጣ፣ ጥቅል ጎመን መጣ፣ ፕሪም መጣ። ጎመኑ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ በፕላስቲክ በርሜል መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ገላዋን የምትታጠበው በርሜሉን እንደ ባለጌ እንግዳ በክርኗ እየገፋች ሆነ። ፕሪሙ ደግሞ እንዲደርቅ በጣውላ ላይ ተዘርግቶ ከአልጋቸው ራስጌ ቆመ። ባሏ ሁሉንም የሚሠራው ከሥራ በኋላ፣ ደክሞት፣ ክንዱ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ነው። ጠርሙስ ከየትም ይለቅማል፤ ክዳኑ የዛገም ቢሆን ግድ የለውም።

"ቀቅላቸው እንጂ" አለችው። "እኛ እኮ መቀስ እንኳ ሳንቀቅል አንነካም።"

"ጠርሙስ አይታመምም" አለና ፎሶሊያውን በውሃ ሞልቶ ከደነው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። በር ስትከፍት ይቀበላታል፤ ጎምዛዛ፣ እርጥብ፣ ለብዙ ቀን ያልወለቀ ካልሲ ዓይነት። ልብሷ ላይ ይቀመጣል፣ ፀጉሯ ውስጥ ይገባል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ቀስ ብላ መስኮት ስትከፍትባት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ከዚያ የበርሜሉ ውሃ ላይ ነጭ ቆዳ ወጣ፤ የተሸበሸበ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ፣ ከሥሩ አረፋ የሚያስተነፍስ። ባሏ ያንን ቆዳ በማንኪያ ገፈፈና ከሥር ያለውን ጎመን እያዝረከረከ ጎረሰ። የጎመኑ ዝልግልግ ውሃ አገጩ ላይ ቀጭን ክር ሠርቶ ወረደ።

"ከላይ ነው እንጂ ከሥሩ ደህና ነው" አላት እያላመጠ። ማንኪያውን በእጀታው ጠረግ አድርጎ ስኳሩ ውስጥ ተከለው።

ስኳሩን ደፋችው። በማግስቱ ፕሪሙ ውስጥ ትል አገኘች፤ ነጫጭ፣ ወፋፍራም፣ ራሳቸውን ብቅ አድርገው እንደ ጎረቤት የሚያዩ። ባሏ ፍሬውን አራገፈና ወደ አፉ አደረገው። "ትሉም የበላው ያንኑ ፕሪም ነው፤ ከእኛ ይልቅ ንጹሕ ነው" ብሎ ቀለደ። በዚያ ሳምንት ሊስማት ሲጠጋ አንገቷ በራሱ ጊዜ ዞረ።

"ምን ሆንሽ? ጥርስሽን አሞሽ ነው?"

"አዎ" አለችው።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ስትገባ የፎሶሊያው ጠርሙስ ፈንድቶ ጠበቃት። ግራጫ አረንጓዴ ዝቃጭ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ በታጠበው የሥራ ልብሷ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቀና ብላ የቀሩትን የፎሶሊያ ጠርሙሶች አየች። ክዳኖቻቸው ሁሉ እንደ እባጭ ተነፍተዋል። ባሏ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ዛሬውኑ ይጣሉ። ያበጠው በሙሉ፣ በርሜሉም፣ ፕሪሙም።"

ጣሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ አንገቱን ደፋ። "እሺ፣ ተይው። ነገ አወጣዋለሁ።"

በማግስቱ መደርደሪያው ላይ የቀረው ቲማቲሙ ብቻ ነበር። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን በበረኪና ፈተገች። ያን ቀን ደረጃውን ትታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ በላች።

ሳምንት ሳይሞላ ነው የምድር ቤቷ እማማ የታመሙት። እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሕንፃው ውስጥ የሚወጣውንና የሚገባውን ሁሉ በመስኮታቸው የሚቆጣጠሩ አሮጊት ናቸው። ነርሷ ከሥራ ስትመለስ መስኮቱ ባዶ ሆኖ አየችው፤ በሩን ብታንኳኳ መልስ የለም፤ ገፋ ስታደርገው ተከፈተ። እማማ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ ከትውከትና ከሰገራ መሃል ተኝተዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ነርሷ አልተጸየፈችም። ልብሳቸውን ቀይራ፣ በሞቀ ውሃ አጥባ፣ መኪና አስጠርታ ልትወስዳቸው ስትል ሻርፓቸውን ፈልጋ ወደ ማዕድ ቤቱ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ አለ። ክዳኑ በአበባማ ጨርቅ ተሸፍኖ በሪባን ታስሯል። ጨርቁ ከገዛ አሮጌ ቀሚሷ የተቀደደ ነው። ውስጡ ግራጫ ፎሶሊያ፤ ፎሶሊያው ውስጥ ማንኪያ።

ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ እማማ እጇን ያዟት።

"ልጄ፣ ባልሽ እንዳይሰማ፤ ይከፋዋል። እውነቱን ለመናገር ጣዕሙ እግር እግር ይል ነበር።"

"ታዲያ ለምን በሉት፣ እማማ?"

"በስጦታ የመጣን እንዴት እጥላለሁ? 'የቤት ነው፣ በእጄ የሠራሁት' ብሎ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ።"

ነርሷ ከዚያ በቀጥታ ወደ ባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች። የበር ጠርዝ እየላገ ነበር።

"ለእማማ ፎሶሊያ ሰጥተሃል?"

"አዎ!" አለ ፊቱ በርቶ። "ወደዱት?"

"ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ካበጡት ነው የሰጠሃቸው?"

መላጊያውን አስቀመጠ። "ክዳኑን ከፍቼ አየሩን አስወጣሁት እኮ። እንደገና አፈላሁት። ሽታው ጠፍቶ ነበር… ማለቴ ቀንሶ ነበር።"

"አንተ በላኸው?"

መላጊያውን መልሶ አነሣ።

"በላኸው ወይ ነው የምልህ?"

"ቀመስኩት" አለ ወደ መሬት እያየ። "አልሄድልህ አለኝ። አቅለሸለሸኝና ተፋሁት።"

"አንተን አቅለሸለሸህና ለእሳቸው ሰጠህ።"

"መጣል አልቻልኩም! ያን ሁሉ የደከምኩበት፣ ሰው የሚራብበት ነገር… እማማ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፣ ያገኙትን ነው የሚበሉት፣ ብዙም አይመርጡም ብዬ…"

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ራሱ ሰማው፤ ፊቱ ላይ ታየ። ግን ከአፉ ወጥቷል። ነርሷ ያንን ሁሉ ዘመን መግል ስታጥብ አንድም ቀን ያልተገለበጠ ሆዷ ተገለበጠ። በሩ አጠገብ ባለው የእንጨት ፍቅፋቂ ክምር ላይ ጎንበስ ብላ እንባዋ እስኪወርድ አስታወከች። ሊደግፋት ሲመጣ እጇን ዘርግታ ከለከለችው።

"አትንካኝ" አለችው። አፏን ጠርጋ ቀና አለች። "ገንዳ ውስጥ መጣል አሳዝኖህ እማማን ገንዳ አደረግካቸው። ሌላ ለማን ሰጥተሃል?"

ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለገዛ እህቱ። ዕለቱን አብረው ዞሩ፤ እሱ እያንኳኳ፣ እሷ ከኋላው ቆማ። "የሰጠሁህ ተበላሽቷል፣ መልስልኝ" ማለት ነበረበት፤ አለም።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ "እሱንማ የዚያኑ ዕለት ደፋሁት" አለው። "እንዳይከፋህ ነው እንጂ ልነግርህ ነበር።" ልብስ ሰፊው ደግሞ ለአይጥ ወጥመድ ሞክሮት ኖሯል። "አይጧ አሽትታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ድርሽ አላለችም፤ ጠቅመኸኛል ወንድሜ" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። አናጢው አልሳቀም።

እህቱ ዘንድ ጠርሙሱ ሳይከፈት ነው የተገኘው፤ ያው አበባማ ጨርቅ፣ ያው ሪባን። "ውይ፣ ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ እኔስ አልበላውም" አለች እያቀበለችው። "ቤት ለምታጸዳልኝ ልጅ ልሰጣት አስቤ ነበር።"

ነርሷና ባሏ ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ጉድጓድ ቆፈረ። በርሜሉንም ሆነ ያልሰጣቸውን ጠርሙሶች አልጣላቸውም ነበር፤ ሥራ ቤቱ ውስጥ በሸራ ሸፍኗቸው ኖሯል። በርሜሉን ሲገለብጠው ነጩ ቆዳ ሳይቀደድ እንደ አንሶላ ተንሸራቶ ወረደ፤ ዝንቡ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሰማዩን ሞላው። የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ከፈተ። እያንዳንዱ ፍስስ እያለ ትንፋሹን ፊቱ ላይ ተፋበት። መሃል ላይ ተንበርክኮ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣ። ነርሷ ጓንት አድርጋ አጠገቡ ቆማ ነበር። ውሃ አቀበለችው፤ ጀርባውን ግን አላሻሸችለትም።

እማማ ድነው ከተመለሱ በኋላ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ተነሣ፣ ተነሣ" አሉት። "ይቅር ብያለሁ ልጄ። ከእንግዲህ ግን ስትመጣ ባዶ እጅህን ና።"

ቲማቲም እንደገና ደረሰ። አናጢው አንድ ሳጥን ብቻ ገዛ። ጠርሙሶቹን ቀቀለ፣ አዲስ ክዳን አመጣ፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ፣ ሲጨርስም ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ቀድሞ እሱ በላ። ለማንም አልሰጠም። የሠራው ሁሉ ንጹሕ ነበር፤ ነርሷም ንጹሕ መሆኑን አይታለች። ነጩን ቆዳና ትሉን ረስታዋለች ማለት ይቻላል። "ብዙም አይመርጡም" ያለው ግን እሱ ማንኪያ ባነሳ ቁጥር ጆሮዋ ላይ ይመጣባታል፤ የራሷን ማንኪያ መልሳ ታስቀምጣለች።

አንድ ምሳ ላይ ሳህኗን በሚያምር ቀይ ወጥ ሞልቶ ፊቷ አስቀመጠላት። አላነሳችውም። ዳቦዋን ቆርሳ በጨው መብላት ጀመረች።

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንበላው?" አላት ቀስ ብሎ።

"አላውቅም" አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ሳህኗን ከራሱ ሳህን አጠገብ ሳብ አደረገና ሁለቱንም በላ።