«ተጠናቋል» ያለ ዕለት

ወንድሜን በሠፈራችን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «በሂደት ላይ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ከደጄ አጠገብ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ስም ካወጣልህ በሳሙናም አይለቅ። ወንድሜ የአካባቢያችን ምክር ቤት ተመራጭ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ድምፅ ማጉያ በተገጠመላት መኪና እየዞረ የሳምንቱን የሥራ መግለጫ ያሰማል። የውሃው መስመር? በሂደት ላይ ይገኛል። የመንገድ መብራቱ? በሂደት ላይ ይገኛል። የቆሻሻ ገንዳው? እሱም ምስኪን በሂደት ላይ ይገኛል። ሕፃናት ሳይቀሩ መኪናዋን እየተከተሉ ቃሉን ከአፉ ይቀሙታል። ጫማ ሰፊውማ ጫማውን ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ያንተ ጫማ በሂደት ላይ ይገኛል» እያለ ነው የሚመልሰው።

እኔ ደሜ ይፈላል። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እናታችን ስታልፍ ገና ጥርስ እንኳ አልለወጠም ነበር። ሰው ሲስቅበት እሳት እጎርሳለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን ግን እኔው ራሴ አልምረውም።

«አንተ ልጅ፣ አንዲት ነገር እንኳ "አለቀች" ብለህ ብትሞት ምን አለ?»

«እትዬ፣ በጀቱ እኮ…»

«በጀትህ ገደል ይግባ!»

ገደል ካልኩ አይቀር፣ ነገሩም የመጣው ከዚያው ነው። ቤቶቻችን ገደል ሥር ናቸው። ከኋላችን አፈሩን ደግፎ የያዘ ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከፊታችን ደግሞ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣ ቀጥ ያለ ደረጃ። ግንቡ ተሰነጠቀና ሆዱን ወደ እኛ መንፋት ጀመረ። ፈርሶ እንደገና እስኪሠራ ተብሎ ከሥሩ ያለነውን ሁሉ ሰብስበው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አጎሩን። ሌላው ሰው ከፋም በጀም መሬት ላይ ይተኛል። እኔ ግን ባል አለኝ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ደም ግፊት ጣለውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። ግዙፍ ሰው ነው፣ ከተኛበት ማገላበጥ ብቻውን ወገብ ይቆርጣል። አዳራሹ ወለል ላይ በስስ ፍራሽ ሲተኛ ጀርባው ቆሰለ። ቁስሉን ባጠብኩ ቁጥር እሱ ጥርሱን ይነክሳል፣ እኔ ወንድሜን እረግማለሁ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኩት አንድ ቀን።

«በሂ…»

«ከጨረስካት ይሄ ሳፋ ራስህ ላይ ነው የሚያርፈው!»

ፊቱ ልክ እንደተገረፈ ልጅ ሆነ። አዝኜለት ነበር፤ ግን ማን እጁን ይዞ ተመረጥ አለው?

ከዚያ ያች ቅዳሜ መጣች። መኪናዋ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና «የድጋፍ ግንቡ ግንባታ…» አለ። እዚህ ላይ ልጆቹ ሁሉ «በሂደት ላይ!» ብለው ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ። «…ተጠናቋል» አለ።

ጫማ ሰፊው ከፍራሹ ብድግ አለና «ምን አለ? ይደገም!» ብሎ ጮኸ።

«ተጠናቋል! ነዋሪዎች ወደ ቤታችሁ መመለስ ትችላላችሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምተነው ስለማናውቅ፣ እንዴት አለቀ፣ ማን አየው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔ ራሴ አልጠየቅኩም። ወንድሜን አቅፌ ግንባሩን ሳምኩት። ባለቤቴን ወንዶች ተረባርበው በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ቤቱ፣ ወደ አልጋው መለሱልኝ። ጫማ ሰፊው «ሹፌሩ ዛሬ በነፃ ተሳፈረ» እያለ ሲቀልድ፣ ባለቤቴ በዚያች በግማሽ ከንፈሩ ሳቀለት።

በቀጣዩ ሳምንት ዝናቡ ጣለው። ማባራት የሚባል ነገር የለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የሰው ቀሚስ እያጠፍኩ በጓሮ መስኮት ግንቡን አየዋለሁ። ውሃ እንዲወጣባቸው ግንቡ ላይ በየቦታው የተሰኩ ቱቦዎች አሉ። ሰማዩ ተቀዶ እየወረደ፣ ከነዚያ ሁሉ ቱቦዎች አንዲት ጠብታ አይወጣም። እንግዲህ ውሃው የት ገባ? ብዬ እያሰብኩ ሳለ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

ወንድሜ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ያንጠባጥባል። የእጅ ድምፅ ማጉያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ ውጡ። አሁኑኑ!»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ግንቡ! ከጀርባው ጠጠር መሞላት ነበረበት፤ ውሃው በጠጠሩ አልፎ በቱቦው እንዲወጣ። አልሞሉትም። ዝም ብለው አፈር ነው የመለሱበት። ፎርማኑ አሁን ደውሎ ነገረኝ፤ ውሃው እዚያው ከኋላ እየሞላ ነው። አይቆምም፣ ይወድቃል።»

ክው አልኩ። «አልቋል አላልክም?»

አንገቱን ደፋ። «ኮንትራክተሩ "በዚህ ሳምንት ያልቃል" አለኝ። አላየሁትም፤ ሄጄ አላየሁትም። ሰለቸኝ እትዬ። ስድቡ ሰለቸኝ። አንድ ቀን እንኳ አለቀ ብዬ… ርክክቡንም ፈርሜያለሁ።»

በጥፊ ላጮለው እጄ ተነሳ። ግን ከመጋረጃው ኋላ ባለቤቴ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ጥፊው ይቆያል አልኩና «ና፣ ያዝልኝ» አልኩት። እሱ በብብቱ፣ እኔ በእግሩ ያዝን። ከአልጋው እንኳ አላወረድነውም። ለሁለት ሰው የሚሆን አካል አይደለም፤ ያን ቀጥ ያለ፣ በዝናብ የሚያዳልጥ ደረጃ ደግሞ ሁለት ሰው ይዞት ይወጣል ማለት ዘበት ነው።

«ሰው ጥራ! ሩጥ!»

እየሮጠ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ድምፅ ማጉያውን ከፈተና የለመደበትን ጀመረ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ አሁን ካለው የአየር ጠባይ አንፃር ለቅድመ ጥንቃቄ ሲባል ለጊዜው ከአካባቢው ፈቀቅ ብትሉ ተመራጭ መሆኑን…»

ጫማ ሰፊው ሽርጡን እንደታጠቀ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ክቡር ተመራጭ! ምነው፣ ግንቡ ተመልሶ ሂደት ውስጥ ገባብዎት እንዴ?»

በየበሩ ሳቅ ሆነ። አንዷ «ገና ዕቃዬን ከካርቶን አውጥቼ አልጨረስኩም፣ ወዲያልኝ!» ብላ በሯን ዘጋች። አንዱ «በዚህ ዝናብ የት ነው ፈቀቅ የምንለው?» አለ። ወንድሜ «ለደኅንነታችሁ ሲባል» ይላል፣ «ከሁኔታው አሳሳቢነት አኳያ» ይላል፤ ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። በሮቹ ዓይኔ እያየ አንድ በአንድ ተዘጉ። ይኼኔ ከጓሮ በኩል ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ ነው የተሰነጠቀው።

«በሰው ቋንቋ ንገራቸው!» ብዬ ጮህኩበት።

ወደ እኔ ዞረ። ድምፅ ማጉያውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ሰው እንዳይሰማው በሹክሹክታ «እትዬ፣ ፈርሜያለሁ እኮ» አለኝ። «ይህን በሕዝብ ፊት ካወጣሁት አበቃልኝ። እስር ቤት ነው የምገባው። ልጆቼስ?»

«ባሌ አልጋው ላይ ነው።»

«እትዬ…»

«ባሌ አልጋው ላይ ነው! ያንተ ጋሼ! የዩኒቨርሲቲ መሳፈሪያህን የከፈለው ሰውዬ!»

ቆመ። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። እውነቱን ልናገር፣ ሮጦ ደረጃውን የሚወጣ መሰለኝ። ጥሎን የሚሄድ መሰለኝ። ያች ቅጽበት ከዕድሜዬ ላይ ስንት እንደወሰደች እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አነሳ።

«አልተጠናቀቀም» አለ። «ዋሽቻችኋለሁ። ግንቡን ሳላየው ነው አልቋል ያልኳችሁ። ከኋላው ውሃ ሞልቷል፣ ይወድቃል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። እህቴ ባሏን ማውጣት አቅቷታል፤ ስለ ፈጣሪ እርዱን።»

ጫማ ሰፊው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። አንዴ ወንድሜን አየ፣ አንዴ ግንቡን። ከዚያ ሚስቱን «ልጆቹን ይዘሽ ውጪ!» ብሎ፣ ከማንም ቀድሞ እኔ ቤት ገባ። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪውና ልጁ ከኋላው ተከተሉ። በሮቹ ሁሉ ተበረገዱ፤ ሠፈሩ እግሬ አውጪኝ አለ።

አራቱም ብርድ ልብሱን በአራት ማዕዘን ያዙ። ወንድሜና የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከፊት፣ ዳቦ ጋጋሪውና ጫማ ሰፊው ከኋላ። ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ጫማ ሰፊው ደግሞ ቀጫጫ ነው። ባለቤቴ «ተ… ተዉኝ» አለ።

«ዝም በል!» አልኩት እየገፋሁ። «ዛሬ ሹፌር አይደለህም፣ ጭነት ነህ።»

ጫማ ሰፊው በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቀ። «ጭነቱ በሂደት ላይ…» ብሎ ሳይጨርስ ከኋላችን ምድሪቱ አጓራች።

ዞሬ አላየሁም፤ ሰማሁት እንጂ። ግንቡ ሲሄድ መጀመሪያ ውሃው ነው የመጣው፣ ከዚያ ጭቃው፣ ከዚያ ድንጋዩ። ጫማ ሰፊው «ያዙት!» ብሎ ጮኸና ብርድ ልብሱን በሙሉ ኃይሉ ወደ ላይ ገፋው። እኛ ከነባለቤቴ ላይኛው ደረጃ ላይ ተዘረርን። እሱ ግን ከታች ቀረ። ቤቴን የበላው ናዳ ደረጃው ሥር ደርሶ ሲቆም፣ አንዱ ድንጋይ እግሩ ላይ ነበር። ወንድሜ በደረቱ ወርዶ፣ በጥፍሩ እየቧጠጠ ነው ያወጣው። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሊመሽ ሲል ሁላችንም እዚያው አዳራሽ ተመልሰን ተኮለኮልን። ሰው አልሞተም፤ ቤት ግን ከእኔ ጀምሮ በረድፉ የለም። ጫማ ሰፊውን ሆስፒታል ወስደውታል፤ ሐኪሞቹ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደማይተርፍ ነግረው ወደ ቀዶ ጥገና አስገብተውታል። ሚስቱ ልጆቿን ለማን ትታ ትሂድ? በሩ ሥር አቅፋቸው ተቀምጣለች።

ከዋናው ቢሮ አንድ ኃላፊ መጣ። የዝናብ ልብሱ ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ዙሪያውን አየና «ግንባታው ተጠናቋል ብሎ ለነዋሪው ያሳወቀው አካል ማነው?» አለ።

ከአንድ ሰዓት በፊት ወንድሜን ሲረግሙ የነበሩት ሁሉ ወለሉን ያያሉ። አዘኑለት። በመጨረሻ ሮጦ የደረሰው፣ ያን ሰው ከድንጋይ ሥር ያወጣው እሱ ነዋ። እኔም አዘንኩለት። ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።

ተነሳ። ጭቃ የለበሰውን ኮቱን አስተካከለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«በወቅቱ በደረሰን መረጃ መሠረት፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በቅንጅት…»

ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ወንድሜ ይቀጥላል፤ ቃላቱ አንዱ ሌላውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ያ ደረጃው ላይ ያየሁት ልጅ የለም። የጫማ ሰፊው ሚስት ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ባሏ እግሩን ያጣው የእኔን ባል ተሸክሞ ነው።

ሳላስበው ቆሜያለሁ።

«አካል አይደለም ጌታዬ» አልኩ። «አካልማ አሁን ሆስፒታል ውስጥ እየተቆረጠ ነው። ያሳወቀው ሰው ነው። ሰውዬው ይኸው፤ ወንድሜ ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ። ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ «አዎ» አለ። «እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የፈረምኩት።» ከኃላፊው ጋር ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሠፈሩ አሁን ሁለት ቦታ ተከፍሎ ያማኛል። ገሚሱ «ምን ዓይነት እህት ናት» ይላል፤ ገሚሱ «ደግ አደረገች» ይላል። ደጉንም ክፉውንም እኔ ልንገራቸው፤ ሆዴ ይቃጠላል፣ ነገም ቢጠይቁኝ ግን ያንኑ ነው የምናገረው። እስር ቤት ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር «አልወጣም በላት» ብሎ ዘበኛውን ይልክብኛል። እኔም ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ምሳ ዕቃው ባዶውን ነው የሚመለሰው።