ትግሉ የበየደው መጋጠሚያ

ኑ ልጆቼ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። የቆቦ ፀሐይ ያደክማል፤ እኔም ደክሞኛልና ቀስ ብዬ ላውጋችሁ።

ልጃችን ትግሉ ጅዳ ሄዶ የቧንቧ ሥራ ለምዶ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመጣ የመዳብ ቧንቧ ይዞ መጣና ከደጅ እስከ ጓሮ በገዛ እጁ ዘረጋልን። መጋጠሚያውን በእሳት እያሞቀ በሚቀልጥ ሊድ በየደው። ተመልሶ ከሄደ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ። ስልኩ አይነሳም። ይኑር አይኑር የነገረን የለም።

ዘንድሮ ያ መጋጠሚያ ያፈስ ጀመር። ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ ያችኑ የመጣችውን ደግሞ መሬት ይጠጣታል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ በዚያ በታመመ ወገቧ ጀሪካን ስታመላልስ ማየት አንጀቴን በላው። ከዋጃ ዘይኑዲን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ።

ዘይኑዲን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አባባ፣ ሁለት መላ አለው» አለኝ። «አንዱ፣ ይቺን ቆርጬ ጥዬ አዲስ መጋጠሚያ ማስገባትና በመጭመቂያ ጥርቅም ማድረግ ነው። እሳት የለ፣ ጣጣ የለ። ሌላው አሮጌውን አሙቆ እንደገና መበየድ ነው። ሊድ ግን እርጥብ አይወድም። ቧንቧው ውስጥ ውሃ ከመጣ አለቀ።»

«ቆርጬ ጥዬ አልክ?» አለች ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ።

«ምን ያደርግልዎታል እማማ? የበየደው ሰውዬም እኮ ቸኩሏል። ሊዱን ዝም ብሎ ነው የደፋው።»

«ሰውዬው ልጄ ነው።»

ዘይኑዲን አንገቱን ደፋ። «አፉ በሉኝ፣ ወላሂ አላወቅኩም።»

«የእጁ ሥራ የቀረኝ ይኸው ነው። አይቆረጥም። በይደው።»

እኔ ወገቧንም አያለሁ፣ ዓይኗንም አያለሁ።

የደጁ የውሃ መዝጊያ ዝጎ አይዞርም። ቢሆንም ፈረቃችን ገና ነው ብለን ተማመንን፤ እሳቱ ተለኮሰ። የጓሮው ቧንቧ እንደ ሰፈሩ ሁሉ ክፍቱን ነበር፤ ከሥሩ ባልዲ አለ። ውሃ ስትመጣ የምናውቀው ባልዲው ሲንጫጫ ነው።

ሊዱ መቅለጥ ጀመረ። ይሄኔ የጎረቤት ባልዲ ተንጫጫ።

«ውሃ መጣ!» ብሎ ዘይኑዲን ቀና ከማለቱ እንፋሎቱ ቧንቧው ላይ ቱሽ አለ። መጋጠሚያው አፉን ከፈተ፤ ውሃው መሬቱ ላይ ይፈስ ጀመር። ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ባዶ ነው። ይቺ ካመለጠች ደግሞ መቼ እንደምትመጣ ማን ያውቃል?

«እማማ፣ ልቁረጠው ወይስ ይፍሰስ?»

ጥሩወርቅ መጋጠሚያውን አየች፤ ጀሪካኖቹን አየች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ቁረጠው» አለች። «ደከመኝ።»

«አብሽሩ እማማ። አባባ፣ የጓሮውን እንዳትዘጉት! ውሃው መውጫ ያግኝ።»

እሱ ቆረጠ፤ እኔ በጨርቅ ደግፌ ያዝኩ። ውሃው እየፈሰሰ አዲሱን አጠለቀበት፤ መጭመቂያው ቀጭ አለ። ፍሳሹ ቀጥ! ሁለታችንም አናታችን ድረስ ርሰናል። «ጠበል ነው፣ አባባ» ብሎ ሳቀብኝ። ያን ቀን በርሜሉ ሞላ፤ ጥሩወርቅም ጀሪካን አልተሸከመችም።

ዘይኑዲን ሲሄድ ቁራጯን በሁለት እጁ ሰጣት። በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አገላበጠቻት።

«እውነቱን ነው፣ ቸኩሏል» አለች። «ምሳ ቀርቦ እየጠራሁት ነበር እኮ የሚበይደው። እራቡን አይችልም።»

ፈገግ አለች፤ ከዚያ ቁራጯን ይዛ ገብታ ራስጌዋ አኖረቻት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከእናንተ መሃል ወደዚያ አገር የሚሻገር ቢኖር፣ ትግሉ የሚባል የቆቦ ልጅ ካገኛችሁ፣ ውሃው ደህና እየወረደ ነው በሉት። የበየድካትም አልተጣለችም፤ እናትህ ራስጌ ናት በሉት። ሌላው ቢጠፋባችሁ እንኳ፣ አደራ፣ ስሙን አትርሱብኝ።