ከቅርብ የተነሱ አበቦች

ልብስ ሰፊው ጓሮው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ስልኩን ወደ ጽጌረዳዋ አስጠግቶ ደቀነ። ፎቶው ውስጥ አበባና ቅጠል ብቻ ይግቡ እንጂ መሬቱ መታየት የለበትም። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ሚስቱ ሆስፒታል በተኛችባቸው ሦስት ወራት ከራስጌዋ አልተለየም። ከአርባ በላይ የተከለቻቸው አበቦች የሚያጠጣቸው አጥተው አንድ በአንድ ደረቁ። በጋው አልፎ በልግ ሲገባ ያበቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አጥሩ ጥላ ሥር ያለችው ጽጌረዳና አንዲት ነጭ ሊሊ። አሁን ሚስቱ ቤት ብትመለስም ከወገቧ ቀና ማለት አትችልም። መኝታ ቤቱ ደግሞ ወደ ጓሮ የሚያሳይ መስኮት የለውም። ልጃቸው ሐኪሙ አታስደንግጧት ማለቱን ነግራ፣ ስለ አበቦቹ ትንፍሽ እንዳይል አስጠንቅቃዋለች። እሱም ጠዋት ጠዋት ሁለቱን አበቦች አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከነጤዛቸው እያነሳ ጓሮው በሙሉ ያበበ አስመስሎ ያሳያታል። ዕድሜውን ሙሉ የጨርቅ እንከን ወደ ውስጥ አጥፎ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ዘዴው አልጠፋበትም።

የዛሬውን ይዞ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ቅጠሉ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ በጣቷ ነካች።

"ይቺን ትል የበላትን ቅጠል ማክሰኞም አሳይተኸኛል።"

"ትል እኮ አንዱን ብቻ በልቶ አይተውም።"

"ሐሙስም እሷው ነበረች። ሌሎቹስ?"

ዝናቡ ዘገየ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"ሦስት ወር ከአጠገቤ አልራቅህም" አለች ዝግ ብላ። "አበባ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ውሃ ካጣ ይሞታል።"

"ሐኪሙ አታስደንግጧት ስላለ ነው።"

"ራቅ ብለህ አንሳልኝ። የሞቱትንም ልያቸው፤ የተከልኳቸው እኔ ነኝ።"

ነገ ይሻላል አላት። መነጽሯን አውልቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየና ተነስቶ ወጣ።

ጓሮ ሲደርስ የደረቁትን ነቅሎ፣ ቅጠሉን ጠርጎ ፎቶ ቢያነሳው ቢያንስ ለዓይን እንደሚቀል ታየው። መጥረጊያውን አነሳ። ሁለት ጊዜ ጠረገና ቆመ፤ መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ጀርባው አጥሩን እስኪነካ ወደኋላ ሄደና ጓሮውን እንዳለ በስልኩ አነሳው።