ሦስተኛ ፉርጎ፣ ሁለተኛ በር

ከተራራው ሥር፣ ታችኛው ጣቢያ ላይ ባቡር ለመቀየር ያለኝ አራት ደቂቃ ብቻ ነው። አራት ደቂቃ ባቡር ሰዓቱን በማይስትበት እኛ አገር ብዙ ነው፤ ሻንጣ ለሌለው ሰው። ባሌ አልቢን ዕድሜውን ሙሉ በየመንደሩ የቤት ማሞቂያ ሲጠግን፣ ያን ከባድ የመሣሪያ ሻንጣ ይዞ ከባቡር ባቡር ሲዘል ኖሯል። በየጣቢያው ደረጃው ፊት ለፊት የሚቆመው በር የትኛው እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍ ነበር፦ «ሦስተኛ ፉርጎ፣ ሁለተኛ በር።» እኔ እስቅበት ነበር። «አንተ መንግሥተ ሰማያትም ስትገባ በር መቁጠርህ አይቀርም» እለው ነበር።

አሁን ተራራው ላይ፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው ያለው። መልኬን ረስቷል። ሐሙስ ሐሙስ ግን፣ ለአምስት ሰዓት ስምንት ጉዳይ ሲል ተራራውን ከሚወጣው ቀይ ባቡር የምትወርደው ሴት ሚስቱ እንደሆነች ያውቃል። በዚያ ባቡር ከመጣሁ «ሬጉላዬ» ብሎ በስሜ ይጠራኛል። በሌላ ከመጣሁ ማንም አይደለሁም። አንዴ በመኪና ብሄድ አላወቀኝም።

ባለፈው ሳምንት «መሣሪያዬን አምጪልኝ» አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። በዚህ ሐሙስ ሻንጣውን እየጎተትኩ ዙሪክ ላይ ተሳፈርኩ። ሐይቁ በጉም ተውጦ፣ ውሃው የት እንዳለቀ ሰማዩ የት እንደጀመረ አይታወቅም። ባቡሩ በነጭ ነገር ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይንሳፈፋል፤ እኔም በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ የአልቢንን የወጣትነት እጆች ሳይ ቆየሁ።

ታችኛው ጣቢያ ልንደርስ ስንል እንደ ሰዉ ሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ ሦስተኛው ፉርጎ ሁለተኛ በር ላይ ቆምኩ። በሩ ተከፈተ። ደረጃ የለም። ለካ ባቡሩ ዛሬ ዞሮ ነው የመጣው፤ ፊቱ ኋላ፣ ኋላው ፊት ሆኖ፣ የፉርጎዎቹ ቁጥርም ተገላብጧል። ደረጃው እዚያ ማዶ ጉም ውስጥ ነው።

«እማማ፣ ሻንጣውን ይተዉትና ይሩጡ!» አለችኝ ከኋላዬ የወረደች ሴት።

«የሱ እኮ ነው!» አልኳት። ጎተትኩት። ጎተትኩት። ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ቀዩ ባቡር ቀስ ብሎ ወደ ነጩ ጉም ገባ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

የደረስኩት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ተራራው ላይ ፀሐይ ነበር። አልቢን አሁንም ላይኛው ጣቢያ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ደህና ዋሉ፣ እመቤቴ» አለኝ።

ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ «እመቤቴ»! ሻንጣውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩት።

«ሰው እየጠበቁ ነው?» አልኩት እንደ ምንም።

«ሚስቴን። ሰዓት አክባሪ ናት። አፏ ግን፣ ተዉኝ!»

«ምናልባት ባቡሩ ዞሮ መጥቶባት ይሆናል።»

«ዞሮ?» ዓይኑ በራ። ሳይጠይቀኝ ሻንጣውን ከፈተ፤ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸውና ከሥራቸው ድሮ በሮቹን የሚጽፍበትን ጠፍጣፋ እርሳስ አወጣ። ትኬቴን ተቀብሎኝ በጀርባው ጻፈና ሰጠኝ።

«ሲመለሱ ታች ጣቢያ ካገኟት ይስጡልኝ። እንዳትሮጥም ይንገሯት፤ ጉልበቷን ያማታል።»

አነበብኩት፦ «ባቡሩ ከዞረ፣ ስድስተኛ ፉርጎ፣ አንደኛ በር።»

«እሰጣታለሁ» አልኩት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሚስቱን አብሬው ጠበቅኩ።