በጣት የተነበበው ጁዝ

«ሁሉም ሰው እጅ ገብቷል?» አሉ ኡስታዙ፣ የጁዞቹን ሣጥን እየዘጉ።

ገብቷል ተባለ። ለሟቿ ቁርኣኑን በአንድ ከሰዓት ሊጨርሱላት ሠላሳ ሰው የቁርኣኑን ሠላሳ ክፍሎች፣ ሠላሳውን ጁዝ፣ ተከፋፍሏል። ባዶ እጁን የቀረው ወንድሟ ብቻ ነው። በሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ስለሚሠራ ሁሉም «ስልከኛው» ይለዋል። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ጁዞቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ እሱ ጋ ሲደርሱ ዘለውት እንደሚያልፉ በድምፃቸው አውቆ ነበር።

«ለኔስ?» አለ።



«አንተ ስማ፣ ልጄ። መስማትም ምንዳ አለው» አሉ ኡስታዙ በለሰለሰ ድምፅ።

«እህቴ ናት። እኔም ላነብላት እፈልጋለሁ።»

«በምኑ ሊያነብ ነው?» ብሎ አንድ ሰው ከበሩ በኩል አንሾካሾከ። ሹክሹክታው ግን ፀጉር አስተካካይ የሆኑት የስልከኛው አጎት ጆሮ ደረሰ።

«በጣቱ ነዋ!» አሉ አጎትየው። «ፀጉሩን ስቆርጠው በመዳፉ ዳብሶ ‹አጎቴ፣ በግራ በኩል ረዝሟል› የሚለኝ ሰው እኮ ነው። መስታወት የሚያይ ደንበኛ እንኳ እንዲህ አዋርዶኝ አያውቅም።»

እህቱ ካረፈች ከሦስት ቀን ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ታፈነ።

የሟቿ ልጅ ተነስታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ወፍራም የወረቀት ጥራዝ አመጣች። ኡስታዙ ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ነጭ ወረቀት ነው።»

«ይዳብሱት፣ ኡስታዝ» አለ ስልከኛው። «አሥራ ስድስተኛው ጁዝ ነው።»

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቁርኣን በሬዲዮ ሲያዳምጥ መብራት ጠፋና ተቋረጠበት። «ሰው ሲያቋርጥ ገጹን አጥፎ ይመለስበታል፤ እኔ የማጥፈው ገጽ የለኝም» አላት ለእህቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀሷን አስቀመጠች።

«የአላህ ቃል፣ ወሕዩ፣ የወረደው ለሰው ሁሉ ነው» አለችው። «ላንተ በሰው አፍ ብቻ የሚደርስበት ምክንያት አይታየኝም። በል፣ በጣትህ የምታነባቸውን የብሬል ነጥቦችህን አስተምረኝ።»

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በማይበዛበት በእኩለ ቀን፣ ቁርኣኑን ከፊቷ ዘርግታ ወፍራም ወረቀት በሹል ብረት ትወጋለች። ስትወጋ ከቀኝ ትጀምራለች፤ ነጥቦቹ በወረቀቱ ጀርባ ስለሚወጡ፣ ሲገለበጥ እሱ ከግራ ያነበዋል። «ለምን ከመጀመሪያው አልጀመርሽም?» ቢላት፣ «ሬዲዮው ያቋረጠህ እዚህ ነዋ፤ ወደ መጀመሪያው እንመለስበታለን» አለች። አልተመለሰችበትም። ጁዙን በጨረሰች በሳምንቱ አረፈች።

ኡስታዙ ወረቀቱን ዳበሱና ወደ ስልከኛው ዞሩ። «አትቀየመኝ፣ ልጄ። የአላህ ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አይጨመርበት፣ አንድ ፊደል አይቀነስበት። እዚህ ላይ ያለው እሱ መሆኑን በምን ልወቅ? ሸምድደኸውም ሊሆን ይችላል።»

«አሥራ ስድስተኛውን ይዘው ይከተሉኝ። ወረቀቱ ከሳተ ያስቁሙኝ፤ እሰበስበዋለሁ።»

አሥራ ስድስተኛው ለኡስታዙ ለራሳቸው የደረሰው ክፍል ነበር፤ ከፍተው ያዙ። ስልከኛው የእህቱን የአራት ዓመት ልፋት በሰው ሁሉ ፊት አስይዞ ነበር።

አነበበ። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ረጋ፤ አምስተኛው ላይ ሞላ። የራሳቸውን ጁዝ ሊጀምሩ የነበሩት ሰዎች ጣታቸውን ገጹ መሐል አስገብተው ያዳምጡት ጀመር። ቀኝ እጁ መስመሩን ሲጨርስ ግራው የሚቀጥለውን ይጀምራል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን ግራ እጁ ቀጥ አለ።

አሁን ያነበበው መስመር ከሥሩ እንዳለ ተደግሟል። ያን ሰሞን ሳል ይዟት ነበር፤ ብረቱን አስቀምጣ ስትስል፣ ስትመለስ መስመሩ ጠፍቶባት ይሆናል። ዘሎት ቢያልፍ ማንም አያውቅም።

«ኡስታዝ» አለ፣ ፊቱ እየጋለ። «እህቴ እዚህ ጋ ተሳስታለች። አንድ መስመር ሁለቴ ጽፋለች።»

«ከአፍህ የወጣው ግን አንዴ ነው፤ ልክ ነህ። ለምን ነገርከኝ?»

«አይጨመርበትም ብለውኝ የለ?»

 ኡስታዙ የያዙትን ጁዝ ከደኑና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጀመዓ፣ ሰምታችኋል?» አሉ። «የሸመደደ ሰው የተደገመ መስመር ከየት ያገኛል? ይህ ሰው እያነበበ ነው! የኔን ወደ ሣጥኑ መልሱልኝ። አሥራ ስድስተኛው የሱ ነው። ሠላሳው በሱ ይሞላል!»

«አላሁ አክበር!» አሉ አጎትየው፣ ከሁሉም ቀድመው። ክፍሉ ተከተላቸው። በሩ በኩል ያንሾካሾከው ሰው ሳይቀር ድምፁን ለቀቀው። ስልከኛው ደረቱን ነፍቶ ቀጠለ፤ የመጨረሻውን ገጽ ሲጨርስ ድምፁ ግቢው ውስጥ የቆሙት ሴቶች ድረስ ይሰማ ነበር።

ዱዓው ተደርጎ ሰው ሲበተን፣ ስልከኛው ጥራዙን ዘጠነኛው ገጽ ላይ ገለጠና የተደገመውን መስመር ሊያጠፋ አውራ ጣቱን አሳረፈበት።

«ተወው እንጂ» አሉ አጎቱ ቀስ ብለው። «የእጇ ማስታወሻ ነው።»

«እጁ የሷ ነው፣ አጎቴ። ቃሉ ግን የሷ አይደለም።»

የተደገመውን መስመር በአውራ ጣቱ ጥፍር አንድ በአንድ እየተጫነ፣ ነጥቦቹን ወደ ወረቀቱ መለሳቸው። የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ሲደርስ ጥፍሩን አነሳ። በጣቱ ጫፍ ዳበሳት፤ ደግሞ ዳበሳት። ከዚያ ተጫናት።