ተመዝነው የተሳፈሩት ሰው

«ትኬት ቆርጦ በሄሊኮፕተር ብራስልስ ደርሶ የመጣ ሰው እኔ አላውቅም» አሉ ጋሽ ብዙነህ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለገባ ለወጣው ለቀስተኛ ሁሉ እንዳሉት። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ አዘዘ ወሬ ማሳመር ይወዱ ነበር።»

ማናለብሽ ሰማች። በሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ሰፈር ባለው ጠባብ ሳሎን የማይሰማ ነገር የለም። አባቷ ጋሽ አዘዘ ነገ ይቀበራሉ፤ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነቡት የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ብዙነህ ስለ ሄሊኮፕተሩ የተጻፈችውን አንድ መስመር ሰርዘዋታል።

«ለምን ሰረዟት?»

«ሰው ይስቅብናል፣ ልጄ። አስከሬን ፊት!»

«ይሳቃ! አባዬ ላይ በቁሙም ሲሳቅበት ነው የኖረው። አንደኛው ሳቂ እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ ይቺ ልጅ!» አለች አንዷ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

አባቷ ለትምህርት ሲመጡ ሮተርዳም ከጦርነቱ ቦምብ ገና በማገገም ላይ ነበረች። ያኔ ከመሃል ከተማ ወደ ብራስልስ እንደ አውቶቡስ በሰዓቱ የሚመላለስ ሄሊኮፕተር ነበር። «ከነሻንጣዬ መዘኑኝ፤ እንደ በርበሬ ጆንያ!» ይሉና በሳቅ ይፈነዱ ነበር፤ ከተማዋ ከላይ ስትታይ ምን እንደምትመስልም ይተርኩ ነበር። ይህን የሚያወሩት ግን ለሐበሻ ብቻ ነበር፤ «ደቾቹ ጭራሽ አያምኑኝም» እያሉ።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ አሮጊቷ ወይዘሮ፣ በደች አጠራር መቭራው ኮሪ፣ የአተር ሾርባ ይዘው ገቡ። «ምንድነው ጭቅጭቁ?» ማናለብሽ በደች ነገረቻቸው። አሮጊቷ ድስቱን እንደያዙ ቀሩ።

«ሆፍፕላይን አደባባይ አጠገብ ከነበረው ማረፊያ? መንገደኛ የምመዝነው እኮ እኔ ነበርኩ! ኮቴን አላወልቅም ብሎ ያስቸገረኝ ያ ቀጭን ኢትዮጵያዊ… አዘዘ ነው እንዴ?»

ማናለብሽ ቃል በቃል ተረጎመች፤ ድምጿንም ዝቅ አላደረገች። ጋሽ ብዙነህ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አጠለቁ።

«ጻፊያት» አሉ።

በማግስቱ በመቃብሩ ፊት ያቺን መስመር ጋሽ ብዙነህ ራሳቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧት። አንድም ሰው አልሳቀም። ማናለብሽ አንገቷን ቀና አድርጋ የሳሎኑን ሐሜተኞች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንድ በአንድ አቀረቀሩ።

ከቀብር መልስ በሩ ላይ ለእንግዶች እጅ ስታስታጥብ፣ የመቭራው ኮሪ ተራ ደረሰ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ሲመለስ ከተማዋ ከላይ ምን ትመስላለች ብሎ ጠየቀኝ። በፍርሃት ዓይኑን ጨፍኖ ነው ደርሶ የመጣው። እኔ ደግሞ በርሬ አላውቅም፤ እንደመሰለኝ ነገርኩት።»

ማናለብሽ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። የአሮጊቷ እጅ ታጥቦ ነጽቶ ነበር፤ እሷ ግን ጆጉ እስኪያልቅ ቀስ እያለች ማፍሰሷን አላቆመችም።