ግማሽ ኒውትሮን

ሃያ ሁለት ዓመት መኪና መዝኛለሁ። ጠጠር የጫነ መኪና ወደ ፋብሪካው ሲገባ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ክብደቱን እጽፋለሁ። አራግፎ ሲመለስ ባዶውን ደግሜ እመዝነዋለሁ። ከሙሉው ባዶውን ቀንሼ የጠጠሩን ክብደት አገኝና ጎኑ ላይ እፈርማለሁ። ያልፈረምኩበት ቁጥር ከሚዛን ቤት ወጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የሚዛን ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው። ቦታው ለኔ እንደሚገባ ሾፌሩም ዘበኛውም ያውቃል፤ ግን የአሥረኛ ክፍል ወረቀት ያስፈልጋል ተባለ። የማታ ትምህርት ስማር ሌላውን ሁሉ አልፌ አምና ኬሚስትሪ ላይ ወደቅሁ። ዘንድሮም ከወደቅሁ ቦታውን ትናንት የተቀጠረ ጎረምሳ ይወስደዋል። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

የምታስጠናኝ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም።

“እማዬ፣ ስሚኝ። የአቶሙ ክብደት የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው። ኤሌክትሮን በጣም ቀላል ስለሆነ አይቆጠርም። የፕሮቶኑን ቁጥር ይሰጡሻል። ኒውትሮኑን በምን ታገኚዋለሽ?”

“ከሙሉው ባዶውን መቀነስ ነዋ! በዚህ ነው እንዴ አምና የጣሉኝ?”

ሶዲየም፣ ከሃያ ሦስት አሥራ አንድ ሲቀነስ አሥራ ሁለት። አሉሚኒየም አሥራ አራት። ደስ እያለኝ ወረድኩበት። ክሎሪን ላይ ስደርስ የንጥረ ነገሮቹ ሠንጠረዥ ሠላሳ አምስት ተኩል ይላል፤ ፕሮቶኑ አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት ተኩል ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

ልጄ በሳቅ ፈነዳች። “ግማሽ ኒውትሮን ከየት አመጣሽ? ጭራሽ ፈርማበታለች! ወደ ሠላሳ ስድስት አጠጋጊውና አሥራ ዘጠኝ በዪ።”

“እኔ አላጠጋጋም።”

“እማዬ፣ በናትሽ...”

“ሃያ ሁለት ዓመት ግማሽ ኩንታል ጥዬ አላውቅም። ለክሎሪን ብዬ አልጀምርም!”

ደብተሩን ዘግቼ ተነሣሁ። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነበር።

በማግስቱ ሥራ ላይ የቀኑን ሪፖርት ስዘጋ፣ እንደ ልማዴ ከታች “አማካይ ጭነት፦ ሠላሳ አንድ ቶን ከሩብ” ብዬ ጻፍኩ። ጽፌው መልሼ አየሁት። ከዚያን ቀን መኪኖች ሠላሳ አንድ ቶን ከሩብ የጫነ አንድም አልነበረም። ትልልቆቹ ከዚያ በላይ፣ ትንንሾቹ ከዚያ በታች ነበሩ። ስልኬን አንስቼ ልጄ ጋ ደወልኩ።

“ሠላሳ አምስት ተኩል የአንድ አቶም ክብደት አይደለም፤ አማካይ ነው! ክሎሪን ትልቅና ትንሽ መኪና ሳይኖረው አይቀርም። መጽሐፍሽን እዪ!”

ገጽ ስታገላብጥ ይሰማኛል።

“እማዬ... ሁለት ዓይነት ነው። ሠላሳ አምስትና ሠላሳ ሰባት። ከአራቱ ሦስቱ ሠላሳ አምስት ናቸው። ተምሬው ነበር እኮ፣ ረስቼው ነው።”

“ሠላሳ ስድስትስ?”

“የለም ማለት ይቻላል።”

“ታዲያ ምን አጠጋጊ አጠጋጊ ትይኛለሽ!”

በፈተናው ቀን ጥያቄው መጣ። የክብደት ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት የሆነ የክሎሪን አቶም ስንት ኒውትሮን አለው? ከጎኑ ያው ሠንጠረዥ፣ ያው ሠላሳ አምስት ተኩል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ላቡን ይጠርጋል። ለኔ ግን የዚህችን መኪና ክብደት ነግረውኛል፤ አማካዩ ምን ያደርግልኛል? ሃያ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ሊፈርም ሲል በሌላው እጄ ያዝኩት።

ውጤቱ የወጣ ቀን ልጄ ሚዛን ቤት ድረስ መጣች። ፊቷን ሳይ ማለፌን አወቅሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት የራሷን የድሮ ደብተር ዘርግታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ክሎሪን ከሚለው ጎን አሥራ ዘጠኝ የሚለው ተሰርዟል፤ በላዩ አዲስ ተጽፏል። ሠላሳ አምስቱ አሥራ ስምንት፣ ሠላሳ ሰባቱ ሃያ።

“ፈርሚልኝ” አለችኝ።

ውጭ መኪና ጡሩንባ ይነፋል። ይጠብቅ አልኩና ሁለቱንም ቀንሼ አየሁ። ልክ ነበሩ። ፈረምኩላት።